«ይለምደዋል»

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን ወንድሜ ቤት ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ከሁሉም አንዷ ሌሊት እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

የሁለት ዓመት ልጃቸው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣ። በባዶ እግሩ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ ታውቁታላችሁ። ወደ ሠራተኛዋ ክፍል ሄደና በሩን በመዳፉ እየመታ «እታ! እታ!» ይላል። እታ የለችም። ከስድስት ወሩ ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ናት። በደመወዝ አልተስማሙምና ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እሱ ተኝቶ ነበር። እንዳያለቅስ ተብሎ አልተቀሰቀሰም።

የወንድሜ ሚስት አቅፋ መለሰችውና «ተይው፣ ይለምደዋል» አለችኝ።

ይህችን ቃል እዚህ ላይፕዚግ በጀርመንኛ ሰምቻታለሁ። ለዚህ ነው ያመመችኝ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ከምንከባከባቸው አንዷ የ87 ዓመት እናት ናቸው። በወጣትነታቸው የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠሩ ነበር። አገሩ ያኔ ሶሻሊስቷ ምሥራቅ ጀርመን ነው። እናቶች ሥራ ላይ እንዲውሉ ተብሎ የሳምንት ሕፃናት ማቆያ የሚባል ነገር ነበር። ስድስት ሳምንት የሞላው ሕፃን ሳይቀር ሰኞ ማለዳ ይሰጣል፤ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ይወሰዳል። እሳቸውም ወንድ ልጃቸውን እንዲህ አሳደጉ። «መጀመሪያ በጣም አለቀሰ። ኋላ ለመደ አሉኝ። እውነትም ዝም አለ» አሉኝ አንድ ቀን እግራቸውን እያሸሁ።

ልጁ አሁን ስድሳ አልፎታል። በዓመት ሁለቴ ይመጣል። ካፖርቱን አያወልቅም። ያመጣውን አበባ ውሃ ውስጥ ያደርጋል፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ያያል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የመጦሪያውን ክፍያ አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። እሳቸው ግን ከሄደ በኋላ የተቀመጠበትን ወንበር በእጃቸው ይዳብሳሉ። ማቆያ ያደገ ሁሉ እንዲህ ይሆናል አልልም። ያየሁትን ነው የምናገረው።

ሐሳቡ ከክፋት አልመጣም። የማርክስ የትግል ጓድ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው መጽሐፉ የልጆች እንክብካቤና ትምህርት የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል ብሎ ነበር። ሩሲያዊቷ አብዮተኛ አሌክሳንድራ ኮሎንታይም የታገለችው ሴት ከጓዳ እንድትወጣ ነው። እኔ ራሴ የፈረቃ ሠራተኛ ነኝ፤ ልጅ የሚይዝልሽ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን «የሁላችንም ልጅ» ሲባል «የኔ» የሚለው ሰው ከመሀል ጠፋ። ይህን ሥርዓቱን ትደግፍ የነበረችው ሐኪም ኤቫ ሽሚት ኮልመር ሳትቀር አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቤታቸው የሚያድጉትንና የሳምንቶቹን ሕፃናት አወዳድራ፣ የሳምንቶቹ በእድገት ወደ ኋላ ቀርተው አገኘቻቸው። ማቆያዎቹ ግን ለብዙ ዓመታት ቀጠሉ።

ያ ዝምታ ምን እንደሆነ የነገሩን የብሪታንያ የሕፃናት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ቦልቢና ጄምስ ሮበርትሰን ናቸው። ከሚወደው ሰው የተለየ ትንሽ ልጅ መጀመሪያ ይጮኻል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል። በመጨረሻ ልቡን ያላቅቃል። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ለሁሉም ይስቃል። እናቱ ስትመጣ ግን እንደማያውቃት ፊቱን ያዞራል። ሮበርትሰን ሆስፒታል የተኛች የሁለት ዓመት ሕፃን በፊልም ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሐኪሞች ሲያሳይ ብዙዎቹ ተቆጡ። ዝም ያለውን ልጅ «ለመደ» ሲሉ ነው የኖሩት።

እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ስንገናኝ «እኛ ጋ ልጅ የመንደሩ ነው» ማለት እንወዳለን። እኔም ብዬዋለሁ። እኔን መንዝ ውስጥ ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። እሳቸው ወንፈል ሲሄዱ አክስቴ ታዝለኛለች፤ አክስቴ ውሃ ስትወርድ ጎረቤት። ብዙ እጅ ነበር፤ ግን ዛሬም ነገም ያው እጅ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ስታጠና ያየችውም ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው የሚያቅፈው ሕፃንም ሲከፋው ለይቶ የሚሸጎጥባት አለችው።

መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳን የሣር ምድር አስቡት። መንዞች ከ300 ዓመት በላይ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠበቁት። ለዓመታት ይዘጉታል፣ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። የቀደምቶቹ አቅኚዎች የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ የሚል ድርሻውን ያውቃል፤ ጎረቤቱም እሱን ያውቀዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ጓሳ የመንግሥት ሆነ፤ የመንግሥት ሲሆን የሚቆረቆርለት አጣ። አያቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የሳምንት ማቆያ የለም። ግን አንዷ ስትሄድ ደላላ ይደወላል፣ ሌላ ትመጣለች። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ። ልጁ ሁሉንም «እታ» ይላል። የሄደችውም እኮ ከመንዝ ገጠር የመጣች የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ እሷስ ማንን እያሰበች አለቀሰች? እናትና አባቱ ሁለቱም ፋብሪካ ይገባሉ፤ ቤት ዋሉ አላልኩም። ቢያንስ ይሰነባበቱ። ለፋሲካ ትምጣና ትየው። ይህ ስንት ብር ይፈጃል? ወንድሜ «ውጭ ኖረሽ ሁሉም ነገር በሽታ መሰለሽ» አለኝ። እህቱ ነኝ፤ ያቺን ንግግር እስካሁን አልዋጥኳትም።

መጋቢት ላይ የልጅቷን ስልክ በዘመድ በዘመድ አገኘሁ። በቪዲዮ ሦስታችንን አገናኘሁ። «አለሜ፣ እታ ነኝ» አለችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ልጁ አያት። ዐይኑን ሳይነቅል አያት። ከዚያ ፊቱን አዞረና ወደ መኪናው ጎንበስ ብሎ ጎማዋን ማሽከርከር ጀመረ።

«አየሽ፣ ረስቷታል» አለች የወንድሜ ሚስት፣ እፎይ ብላ።