ቀለበቱ ተመለሰ፣ ቤቱስ?

የታናሽ እህቴ እጮኝነት ፈረሰ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቀለበቱ፣ የወርቅ ሐብሉና የሀበሻ ቀሚሱ ተመለሰ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ አንዱ ሽማግሌ የሐብሉን መቆለፊያ በጣታቸው እየነካኩ «ይቺ ላልታለች እኮ» ብለው ጠይቀዋል። ከዚያ «በጨዋ ደንብ ተለያዩ» ተባለ፣ ተመረቀ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ስለ ኮንዶሚኒየሙ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ኮንዶሚኒየሙ አዲስ አበባ ነው። ዕጣው የወጣው በልጁ፣ በእጮኛዋ ስም ነው። ቅድመ ክፍያውን የከፈለችው ግን ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ናት። በየወሩ የባንኩን ዕዳ የምትልከውም እሷ ነበረች። የወጥ ቤቱ ሴራሚክ ሳይቀር በሷ ብር ነው የገባው። «ተጋብተን የምንገባበት ቤታችን ነው» ይላት ነበር። አሁን ሌላ ሊያገባ ነው። ሙሽራዋን የሚያስገባውም እዚያው ቤት ነው።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የዚህን አገር ሕግ ማገላበጥ የጀመርኩት በንዴት ነው፤ ባነበብኩ ቁጥር ይብስ ተናደድኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ ቨርጂኒያ አንድ የ26,000 ዶላር የእጮኝነት ቀለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሴትየዋ «ጋብቻ ቀረብኝ ብሎ መክሰስ በሕግ ተከልክሏል» ብላ ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም። ቃል አፈረሰ ብሎ ካሳ መጠየቅ ሌላ፣ ለጋብቻው ተብሎ የተሰጠን ንብረት ማስመለስ ሌላ ነው አለ። ማሳቹሴትስ ደግሞ በ2024 የ70,000 ዶላር ቀለበት ክርክር ሲዳኝ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ጭራሽ ጣለው። ጋብቻው ከቀረ ቀለበቱ ለሰጪው ይመለሳል፣ በቃ።

ሁሉም አገር እንዲህ ነው አልልም። በእንግሊዝ የ1970 ሕግ፣ ሰጪው «ካልተጋባን ትመልሻለሽ ብዬ ነው የሰጠሁት» ብሎ ካላስረዳ ቀለበቱ የተቀባይዋ ነው። ጀርመን ያለ በቂ ምክንያት እጮኝነቱን ያፈረሰ ሰው፣ ለሠርጉ ብለው ገንዘብ ላወጡት የሌላው ወላጆች ጭምር ይከፍላል። ለቀለበት ይህን ያህል የሚጨነቅ አለ። የኛ ግን ቤት ነው!

የኛው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መተጫጨት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። ወጪውንም፣ ስጦታውንም፣ የሞራል ካሳውንም ያነሳ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲመጣ ያ ክፍል ቀረ። ተጋብተው ቢሆን የጋራ ሀብት አለ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ቢኖሩም ያፈሩት የጋራቸው ይባላል። እሷ ቤሩት፣ እሱ አዲስ አበባ፤ ምኑን አብረው ኖሩት?

እናቴ የሐዋላ ደረሰኞቹን በፌስታል ቋጥራ ጠበቃ ዘንድ ሄደች። አንዱን አንስቶ አየና «እማማ፣ ይሄ ብር መላኩን ይናገራል፤ ለምን እንደተላከ ግን አይናገርም» አላት። ብድር ነው እንዳንል፣ ከ500 ብር በላይ ከሆነ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሰውየው ራሱ ፍርድ ቤት ማመን ወይም መማል አለበት። ከእጮኛዋ ጋር የብድር ውል የምትፈራረም ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ያለ አግባብ መበልጸግ» የሚለውን፣ ማለትም ያለ በቂ ምክንያት በሰው ገንዘብ የተጠቀመ ይመልስ የሚለውን ሕግ ይዘን እንሞክር ብሏል። ለሱም ምስክር ፈልጉ አለን።

ምስክርማ ሞልቷል። ልጁ ሽማግሌዎቹ ፊት «ልካልኛለች፣ አልክድም» ብሏል። ደውዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኛ የተቀመጥነው ለእርቅ ነው፤ ገበናችሁን አደባባይ አታውጡ» አሉኝ።

የማን ገበና? እህቴ የሰው ቤት ስታጥብ የከፈለችውን መጠየቅ ምኑ ነው ገበና? ሐብሉን መቆለፊያው ድረስ መርምረው የተረከቡ ሰዎች፣ ቤቱን ሲሆን ለምን አንገታቸውን ደፉ? ጨዋነት የሚፈለገው ከሷ ብቻ ነው?

አንድ የሰፈራችን አዛውንት ብቻ «የሰማሁትን እናገራለሁ» ብለውኛል። ሌሎቹንም መወትወቴን አልተውም። ክሱን ግን በሳቸው ምስክርነት እንጀምራለን።