ጊዜ ይፈታዋል ለሚሉ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ችግር በመጣ ቁጥር እጃቸውን አጣጥፈው «ተዉት፣ ጊዜ ይፈታዋል» የሚሉ ሰዎች የሚገባቸውን ክብር አላገኙም። የፊዚክስ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ሕግ እነሱ አንድም ቀመር ሳይጽፉ፣ ከወንበራቸውም ሳይነሱ ሽረውታል።

የተሻረው ሕግ ይህ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውዚየስ እ.ኤ.አ. በ1865 ኢንትሮፒ ብሎ የሰየመው መጠን፣ በቀላሉ የመዝረክረክ ልክ ልንለው የምንችለው፣ ከውጭ ጋር ግንኙነት በሌለው የነገሮች ስብስብ ውስጥ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉድቪግ ቦልትዝማን ደግሞ በ1877 ነገሩን ወደ ቆጠራ አወረደው፤ ነገሮች ተስተካክለው የሚቀመጡበት መንገድ ጥቂት ነው፣ የሚዝረከረኩበት መንገድ ግን ስፍር ቁጥር የለውም። 52 የመጫወቻ ካርታዎች የሚደረደሩባቸው መንገዶች ብዛት በቁጥር ሲጻፍ 68 አኃዝ ይፈጃል፤ ካርታዎቹን እንደ ተራቸው የሚያስቀምጠው ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ነው። ተራ ሰው ይህን ሲሰማ ቁጭ ብሎ ካርታውን ይለቅማል። ጀግኖቻችን ግን ይበውዛሉ። እንዲያውም አይበውዙም፤ ሌላ ሰው እስኪበውዝላቸው ይጠብቃሉ።

ከእነዚህ አንዱን በሥራ ላይ ማየት ትምህርት ቤት ነው። ኮርኒሱ ላይ ሳንቲም የምታክል ቢጫ እርጥበት ወጣች። አለቃው ቀና ብለው አዩና «አትንኳት፣ ትደርቃለች» አሉ። እርጥበቷ ሰሃን አከለች፤ ዙሪያዋ ቡናማ ቀለበት አወጣ፣ ቀለሙም ተገሸለጠ። ባልዲ ይቀመጥ ተባለ። ባልዲው ሲሞላ ሁኔታው በጥልቀት ተጠንቶ ከፍ ያለ ባልዲ ይቀመጥ ተባለ። ጣሪያው ላይ የላላውን ሚስማር ለመምታት የሚበቃ መዶሻ በመጋዘኑ ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን መዶሻ የጊዜን ሥልጣን መጋፋት ነው።

ምቀኞች ማስረጃ ሲጠይቋቸው «ቁስል በጊዜ ይድን የለም?» ይላሉ። ይድናል። የሚያድነው ግን ሰውነት ነው፤ ለዚያም ምግብ ያቃጥላል፣ ሙቀት ወደ ውጭ ይለቃል። ማቀዝቀዣም እንዲሁ ውስጡን ለማቀዝቀዝ በጀርባው ሙቀት ይተፋል፤ ከውስጥ ከተቀነሰው ኢንትሮፒ ይልቅ ወደ ክፍሉ የተጨመረው ይበልጣል። ሥርዓት በነጻ አይገኝም፣ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ይከፍላል። ወዳጆቻችን ይህን አይክዱም፤ ከፋዮቹ እነሱ እስካልሆኑ ድረስ። ማታ ተዝረክርኮ የተተወ ቢሮ ጠዋት ጸድቶ ሲጠብቃቸው ሌሊቱን ያመሰግናሉ። የጽዳት ሠራተኛዋን ስም ግን አያውቁም።

ከሳይንስም ወገን እንዳላቸው አልደብቅም። የቦልትዝማን ወዳጅ ዮሃን ሎሽሚት እ.ኤ.አ. በ1876 አንድ ከባድ ጥያቄ አነሳ። የሞለኪውሎች ግጭት የሚመራበት የኒውተን ሕግ ወደፊትና ወደኋላ አይለይም፤ ታዲያ የሁሉም ፍጥነት ቢገለበጥ የተበተነው ለምን አይሰበሰብም? መሰብሰብስ ይሰበሰብ ነበር፤ ግን ሞለኪውሎቹን አንድ በአንድ፣ ያለ ስሕተት መገልበጥ ይጠይቃል። ሥራ መሆኑ ሲነገራቸው ወዳጆቻችን ሎሽሚትን ጥለውት ሄዱ። ሕጉ አቅጣጫ ካልመረጠ ጊዜ ለምን ወደ አንድ ወገን ብቻ ይነጉዳል ለሚለው፣ ዛሬ ብዙ ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ ዓለም ሲጀምር ኢንትሮፒዋ እጅግ ዝቅተኛ ነበር የሚል ነው። ለምን ዝቅተኛ እንደነበር ገና ያከራክራል። ያም ሆነ ይህ፣ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተወረሰውን ሥርዓት እነሱ በልተው አልጠገቡም።

ትልቁን ድል ያቀዳጃቸው ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ሄንሪ ፖይንካሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ሥራ፣ በተወሰነ ስፍራ የታጠረ የግዑዛን ስብስብ በቂ ጊዜ ከተሰጠው ወደ መነሻው እጅግ ወደሚቀርብ ሁኔታ እንደሚመለስ በሂሳብ አረጋገጠ። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ኤርንስት ዜርሜሎ በ1896 ይህንኑ ይዞ ቦልትዝማንን ሲሞግተው፣ ቦልትዝማን የሚፈጀውን ጊዜ አስልቶ አሳየው፤ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ላለ ጋዝ እንኳ የዓለም ዕድሜ በሙሉ ከቁጥር የማይገባበት ርዝመት ነው። ርዝመቱ ግን ለወዳጆቻችን እንቅፋት ሆኖ አያውቅም። ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን በደብዳቤ አሳውቀዋል፤ በመካከሉ ጡረታ ስለሚወጡ ደግሞ ፋይሉን ለተተኪያቸው በክብር ያስረክባሉ።