እርማት፦ ማታ የሚቀረጽ ቪዲዮ የሚሻክረው በፒክስል ማነስ አይደለም

«ቤት ውስጥ ማታ የቀረጽሁት ሠርግ የሻከረው ካሜራዬ 4ኬ (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ማለትም ፒክስሎች የበዙለት) ስላልሆነ ነው» ሲሉ የሰጡት አስተያየት በብዙዎች ዘንድ የሚታመን ቢሆንም ትክክል አይደለም። ለቤተሰብ አገልግሎት የሚሠሩ ካሜራዎች ሴንሰራቸው (ብርሃን የሚቀበለው ክፍላቸው) ትንሽ በመሆኑ ብርሃን ሲያንሳቸው ጌይኑን (ከሴንሰሩ የሚመጣውን ምልክት የሚያጎላውን መጠን) በራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ፤ በሙሽራው ጥቁር ኮት ላይ የሚርመሰመሱት ነጠብጣቦችም የሚመጡት ከዚሁ ነው። በተመሳሳይ መጠን ሴንሰር ላይ ፒክስል ሲበዛ ደግሞ እያንዳንዱ ፒክስል የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዙምም ጉዳት አለው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው ካነን ኤችቪ20 የቪዲዮ ካሜራ ላይ ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲሳብ የሌንሱ ክፍተት ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 3.0 (ቁጥሩ ሲጨምር ክፍተቱ ይጠብባል) ስለሚጠብብ፣ የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት መብራት ይጨምሩ፣ ዙሙን መልሰው በእግርዎ ይቅረቡ፣ ካሜራው ጌይኑን በራሱ ከፍ እንዳያደርግም ኤክስፖዠሩን (የምስሉን የብርሃን መጠን) በእጅ ይቆልፉት።