ጂንጀር ቤከር የሮክን ድራም አሳደገው ወይስ አበላሸው?

እንግሊዛዊው ድራመር ጂንጀር ቤከር በ2019 በ80 ዓመቱ ቢያርፍም አድናቂዎቹና ነቃፊዎቹ ዛሬም አልተስማሙም። ሁለት ተከራካሪዎች እንደሚከተለው ይሟገታሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ ከቤከር በፊት የሮክ ድራመር ከዘፋኙ ጀርባ ተቀምጦ ምት የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ስሙን የሚጠይቅም አልነበረም። በ1966 የተመሠረተው ክሪም ግን ሦስት ሰዎች ብቻ የነበሩት ባንድ ነው፦ ኤሪክ ክላፕተን በጊታር፣ ጃክ ብሩስ በቤዝ፣ ቤከር በድራም። በሦስት ሰው መድረክ ላይ ለአጃቢነት የሚተርፍ የለም። ቤከር ሁለት የእግር ድራሞች አቁሞ እጁንና እግሩን ለየብቻ ሲያናግራቸው ሮክ ሰምቶት የማያውቀው ነገር መጣ። ምንጩ ጃዝ ነው። የጃዝ ድራመሩ ፊል ሲመን የአፍሪካን ከበሮ በሸክላ አሰምቶት ነበርና ያ ፍቅር ሰሃራን በላንድሮቨር አሻግሮ ሌጎስ አደረሰው። እዚያ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ ጋር ተጫወተ፤ ስቱዲዮም ከፈተ። የቀድሞው የቢትልስ አባል ፖል ማካርትኒ በ1973 ሌጎስ በሄደ ጊዜ ከአልበሙ አንዱን ዘፈን የቀዳው በዚሁ ስቱዲዮ ነው። ዝናው ጣራ ከነካ በኋላ ምት ፍለጋ አፍሪካ ድረስ የሄደ ሌላ የሮክ ድራመር ካለ ይንገሩኝ።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ስሙን የሚጠይቅ አልነበረም ያሉት ድራመር የቢትልሱ ሪንጎ ስታር ይሆን? በ1964 አሜሪካ በሙሉ ስሙን እየጠራች ትጮህ ነበር! የሌጎሱም ታሪክ ያምራል፤ ነገር ግን የፌላን ሙዚቃ የተሸከመው ምት የራሱ የፌላ ድራመር የቶኒ አለን ነው። ቤከር እዚያ የሄደው ተማሪ ሆኖ ነው፤ ይህ ያስመሰግነዋል እንጂ መምህር አያደርገውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ቤከር «ቶድ» የተባለውን ቁራጭ በመጀመሪያው የክሪም አልበም ሲቀዳው አምስት ደቂቃ ያህል ነበር። በ1968 በወጣው የመድረክ ቅጂ አሥራ ስድስት ደቂቃ አለፈ፤ አብዛኛው ድራም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፈተ። የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናም በመድረክ ላይ ከዚያም አስረዘመው። በ1970ዎቹ የድራም ሶሎ (ድራመሩ ብቻውን የሚጫወትበት ክፍል) የሌለው ባንድ ጎደሎ መሰለ፤ አድማጩም መጸዳጃ ቤት የሚሄድበትን ሰዓት አወቀ። ሪንጎን ይመልከቱ፦ በቢትልስ ዘመኑ የቀዳው ሶሎ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ተለምኖ። ቻርሊ ዋትስ ደግሞ እንደ ቤከር የጃዝ ልጅ ነበር። ከ1963 እስከ ዕለተ ሞቱ በ2021 ለሮሊንግ ስቶንስ ሲመታ ዘፈኑን ከእጁ አላወጣም። አንድ ምንጭ የጠጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ባንዱን ያዘ፣ ሌላው ሶሎው እስኪያልቅ ባንዱን አስጠበቀ።

ደጋፊ፦ ዋትስን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። በ1962 በብሉዝ ሙዚቀኛው አሌክሲስ ኮርነር ባንድ የድራሙን ወንበር ለቤከር የለቀቀው እኮ ራሱ ዋትስ ነው! ከእርሱ የሚሻል መሆኑን አውቆ ነው የለቀቀለት። ሶሎውንም እንተወው። የክሪምን ዝነኛ ዘፈን «ሰንሻይን ኦቭ ዩር ላቭ»ን ያዳምጡ፤ በ1967 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀዳ ነው። ሮክ ከአራቱ ምቶች ሁለተኛውንና አራተኛውን ሲያጎላ ቤከር አንደኛውንና ሦስተኛውን አጎላ። ዘፈኑ እንደዚያ ከባድ ሆኖ የሚረግጠው በዚህ ነው። እዚህ ላይ የማን ባንድ ነው የሚጠብቀው?

ተቃዋሚ፦ ያንን ምት ያሰብኩት እኔ ነኝ ያለው የቀረጻ ባለሙያው ቶም ዳውድ ነው። ቤከር አልተቀበለውም፤ ዳኛ የለንም። ዳኛ የማያስፈልገው ግን ክሪም ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላው መፍረሱ ነው። ቤከርና ብሩስ ከክሪም በፊት በግራሃም ቦንድ ባንድ እያሉ መድረክ ላይ ተደባድበዋል። ቤከርና ክላፕተን ቀጥለው ያቋቋሙት ባንድ ብላይንድ ፌይዝም በ1969 ተወልዶ በዚያው ዓመት ሞተ። በ2005 ክሪም እንደገና ሲሰበሰብ እንኳ ኒው ዮርክ ላይ ጥሉ ተመለሰ። ድራመርን የምመዝነው አብረውት በሚጫወቱት ሰዎች ነው።

ደጋፊ፦ ጠባዩን አልከራከርልዎትም፣ አስቸጋሪ ሰው ነበር። እኔ ግን የማወራው ስለ እጁ ነው። ራሽ የተባለው የሮክ ባንድ ድራመር ኒል ፒርት የቤከርን አጨዋወት አብዮታዊ ነው ብሎታል። እንዲህ የሚል ሰው ድራም አያውቅም ይሉኛል?

ተቃዋሚ፦ ፒርት ያውቃል። ቤከር ራሱስ ምን አለ? የሮክ ድራመር ሲሉት ይቆጣ ነበር፤ ሄቪ ሜታል የተባለው ከባድ የሮክ ዓይነት የእርሱ ልጅ ነው ሲባልም ያ ልጅ ባይወለድ ይሻል ነበር ብሏል። ያተረፈውን ውርስ የጠላው እርሱ ነው። ምስክሬ ይኸው።

ደጋፊ፦ እንግዲያው ምስክርዎን እስከ መጨረሻው ይስሙት። በ1994 ከቤዝ ተጫዋቹ ቻርሊ ሄደንና ከጊታሪስቱ ቢል ፍሪዜል ጋር የጃዝ አልበም አውጥቷል። እዚያ ላይ ያለው ቤከር አጃቢ ነው፣ የሚያዳምጥ፣ ቦታ የሚለቅ። አልበሙን ያዳምጡና ባንዱን አስጠበቀ ያሉትን ያኔ ይድገሙልኝ።