ለታይፕ አር የመጀመሪያው ገንዘብ፦ ለቸርኬ ወይስ ለጎማ?

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር፣ ኤፍኬ8 የሚባለው፣ ከፋብሪካ ባለ 20 ኢንች ቸርኬና 245/30 ጎማ (ስፋቱ 245 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 30 በመቶ) ይዞ ነው የሚመጣው። ዛሬ ብዙዎቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት እጅ ገብተዋል። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ፤ አንዱ የመኪናው ባለቤት፣ ሌላው በጎማ ሥራ ያረጀ ጎሚስታ። ጥያቄው፦ ገንዘብ ያገኘ ባለቤት ቀድሞ የፋብሪካውን ቸርኬ አውልቆ ባለ 18 ኢንች ቀላል ቸርኬ ይግዛ?

ባለመኪናው፦ ይግዛ። የ245/30 ጎማ ጎኑ 74 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ አስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ቀን ይሟሟል፤ ብርዱ ሲወጣ ቀለበት መንገዱ 495 ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ጎነ አጭር ጎማ እዚያ ሲወድቅ ምቱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው፤ ይታጠፋል ወይም ይሰነጠቃል። ባለ 18 ላይ 245/40 ብናስር ጎኑ 98 ሚሊሜትር ይሆናል። የጎማው ጠቅላላ ከፍታ ደግሞ ከድሮው የሚያንሰው ከ2 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም።

ክብደቱም አለ። ከሞላው (ከስፕሪንጉ) በታች ያለው ክብደት፣ ቸርኬና ጎማው ማለት ነው፣ ሲቀንስ አሞርዛተሩ ጎማውን አስፋልት ላይ አጥብቆ ለመያዝ ይቀለዋል። ቸርኬ በዚያ ላይ ይሽከረከራል፤ የሚጠይቀው ጉልበት ክብደቱ ከመሐሉ በራቀበት ርቀት ካሬ ስለሚያድግ፣ ከዳር የተቀነሰ ግራም ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት እምብርት) አጠገብ ከተቀነሰው እጅግ ይበልጣል። የተቀጠቀጠ አልሙኒየም ውድ የሆነው ጥንካሬው ሳይጎድል መቅጠን ስለሚችል ነው። የጃፓኑ ቸርኬ አምራች ሬይስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ቲኢ37 የሚባል ቀላል ቸርኬ አለ፤ ስሙ ውስጥ ያለው 37 ባለ 15 ኢንቹ የሚመዝነው 3.7 ኪሎ ነው።

ጎሚስታው፦ ልጄ፣ ስለ ጉድጓዱ ያልከውን አልክድህም፤ የታጠፈ ቸርኬ ሳላይ የምውልበት ቀን የለም። ጠቤ ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው። መንገዱን የሚነካው ጎማ ነው። አሮጌ ኤፍኬ8 ሲመጣልኝ ጎማዎቹን አያለሁ፦ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሁለቱ ሌላ፤ ወይም ርካሽ የአራት ወቅት ጎማ፤ ወይም ዕድሜው ያለፈ። የተመረተበት ጊዜ ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ። የደረቀ ጎማ የታሰረበት ቲኢ37 በዝናብ ቀን ፍሬን ሲያዝ አያቆምልህም።

የባሰው ግን ኦፍሴቱ ነው፤ ቸርኬው ከሞዞው የሚገጥምበት ፊት ከስፋቱ መሐል የሚርቅበት ልክ ማለት ነው። ይህ መኪና 306 የፈረስ ጉልበት በሁለቱ የፊት ጎማዎች ብቻ ያወርዳል። እንዲህ ያለ መኪና ነዳጅ ስትሰጠው መሪውን ከእጅህ ሊነጥቅ ይፈልጋል። ሆንዳ ይህን ለመግራት መሪው የሚዞርበትን ዘንግ ከአሞርዛተሩ ለይቶ ወደ ጎማው መሐል አስጠጋው፤ ቸርኬውንም ከሞዞው የሚገጥመው ፊቱ ከስፋቱ መሐል 60 ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጎ ሠራው። ሰዉ ምን ይገዛል? ስፋቱ 9.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45። የፋብሪካው ስፋት 8.5 ነው። ሒሳቡን ሥራው፦ የቸርኬው ዳር ወደ 28 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፣ የጎማው መሐል ከቦታው 15 ሚሊሜትር ይሸሻል። ሆንዳ የደከመበት ፈረሰ ማለት ነው። ፓራፋንጎውን መሙላቱ ዓይን ይስባል፤ መሪው ላይ የሚከፈለውን ግን ባለቤቱ ነው የሚያውቀው።

ባለመኪናው፦ ጋሼ፣ የከሰሱት የተሳሳተ ልክን ነው፤ እኔ በእሱ ጉዳይ አብሬዎት ነኝ። ሆንዳ ራሱ ከኤፍኬ8 ቀጥሎ የመጣውን ታይፕ አር፣ ኤፍኤል5ን፣ ሲያወጣ ከ20 ወደ 19 ኢንች ወረደ፣ ስፋቱን 9.5 አደረገ፣ 265/30 አሰረ፣ ኦፍሴቱን ግን 60 ላይ ተወው። እኔ አንድ ኢንች ጨምሬ ልውረድ ነው የምለው። ለዚህ መኪና ብለው ኦፍሴቱን ወደ 60 አስጠግተው የሚሠሩ አሉ። ስለ ጎማ ላነሡትም፣ ባለ 18 ጎማ ከባለ 20 ይልቅ ምርጫው ይበዛል፣ በዋጋም ይረክሳል። ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ትራክ ድረስ ሄዶ ለሚነዳ ሰው ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ ቸርኬው የራሱን ዋጋ እየመለሰ ይሄዳል።

ጎሚስታው፦ ለትራክ ሰው እሺ። የሚበዛው ግን ሥራ ደርሶ የሚመለስ ነው፤ ገንዘቡም ለሁለቱ አይበቃም። ያን ጊዜ የቲኢ37ን መልክ የቀዳ ርካሽ ቸርኬ ይገዛል። የምፈራው እሱን ነው። ሻጩ ጄደብሊውኤል የሚለውን የጃፓን የቸርኬ ጥራት ምልክት ያሳይሃል፤ እሱ አምራቹ ራሱ ፈትኛለሁ የሚልበት ነው። በሌላ አካል መፈተኑን የሚናገረው ቪአይኤ ነው፣ ቅጂ የሚሠራ ሰው ደግሞ ምልክቱንም ይቀዳል። ከዚያ ዳዶው አለ። የሆንዳ ዳዶ ጫፉ ክብ ነው፣ ከውጭ የሚገዛው ቸርኬ ግን አብዛኛው ሾጣጣ ይፈልጋል። ክቡን ሾጣጣው ውስጥ ያሰረ ሰው የተያዘው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ ይላላል። የሞዞው ልክ 64.1 ሚሊሜትር ነው፤ የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ ከዚያ ከሰፋ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት በአውራ ጎዳና ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል።

ባለመኪናው፦ ሾጣጣ ዳዶ፣ 14 በ1.5 ጥርስ፣ በቶርክ ቁልፍ 127 ኒውተን ሜትር፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠበቃል። ቅጂውን እኔም አልገዛም። አንድ ነገር ግን ይመልሱልኝ፦ ዛሬ ለባለ 20 ቸርኬው ጥሩ ጎማ የገዛ ሰው በዓመቱ ወደ 18 ቢወርድ ያ ጎማ አይገጥምለትም። ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት አይደለም?

ጎሚስታው፦ ከፈለ፣ እውነትህን ነው። ስለዚህ ቸርኬ እንደሚቀይር የቆረጠ ሰው ጎማ ሳይገዛ ይምጣ፤ ባለ 18ቱን ከነጎማው አንድ ላይ እናስላለት፣ ገንዘቡ እስኪሞላም ያለውን ጎማ በዝናብ ቀን ቀስ ብሎ ይንዳ። ያልቆረጠው ግን፣ ቸርኬው ማሽን ላይ ሲሽከረከር ቀጥ ያለ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት አራቱንም ጎማ ይቀይር።