ለክቡር ኮልባክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ጠሪ አክባሪ ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰው ከአንዱ የፕሮግራም ቋንቋ ከሲ ሻርፕ ወደ ሌላው ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ኮልባክ፣ ማለትም ያኛው ወገን በኋላ እንዲጠራው የሚሰጥ የኮድ ቁራጭ፣ አሳልፎ አያውቅም።

ለዚያኛው ወገን አደራ ብዬ ስሰጥዎት ትንፍሽ አላሉም። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ዝም አለ። በሙከራ ጊዜ ፕሮግራሙ ደቂቃ ስለማይሞላው፣ ባለቤት ያጣ ማህደረ ትውስታን የሚጠርገው የሲ ሻርፕ ጋርቤጅ ኮሌክተር ሳይነቃ ሥራው ያልቃል፤ እርስዎም የታዛዥ ታዛዥ ሆነው ይታያሉ። ደንበኛ ፊት ግን ከብዙ ሰላማዊ ሥራ በኋላ ሞተው ይገኛሉ። ሙት ወቃሽ እንዳልባል እፈራለሁ። ዴሊጌትዎን (በሲ ሻርፕ በኩል እርስዎን የሚወክለውን ዕቃ) የያዘው በአንድ ሜተድ፣ ማለትም በአንድ የኮድ ክፍል፣ ውስጥ ያለ ተለዋዋጭ ብቻ ነበር፤ ሜተዱ ሲያልቅ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ባለቤት የሌለው መስሎት ጠረገው። ሲ ፕላስ ፕላስ አድራሻዎን በጉያው እንደያዘ ከየት ይወቅ? ሲ ፕላስ ፕላስም መርዶ ስላልደረሰው በዚያው አድራሻ ይጠራዎታል፤ ፕሮግራሙም አብሮዎት ይቀበራል። ስህተት እንዲይዝልኝ ትራይ ካች አዘጋጅቼ ነበር። ለቀብሩ እንኳ አልደረሰም።

ጽሑፍ ያሸከምኩዎት ዕለት ደግሞ! ሲጠሩ «ሰላም» ብለው እንዲመልሱ አዘዝኩ፤ «???» ብለው መለሱ። ሦስት ፊደል፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት። ቁጥሩን ስላላጎደሉ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ለካ ካልተነገርዎት በስተቀር ጽሑፍን በአንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ነባሪ የፊደል ኮድ፣ ነው የሚያሳልፉት! የእኛንም ፊደል በሚያውቁት ኮዶች፣ በዩቲኤፍ-16 6 ባይት፣ በዩቲኤፍ-8 9 ባይት የምትይዘው ሰላምታ በዊንዶውስ ኮድ ገጽ (የፊደል ሠንጠረዥ) ላይ ቦታ አጣች። በዚህም አላበቃም፤ መልሱን ያኖሩበትን ማህደረ ትውስታ ያስመደቡት ኮታስክሜምአሎክ በሚባል መመደቢያ ሆኖ ሳለ፣ ያኛው ወገን ለሌላ መመደቢያ፣ ለማሎክ፣ በተሠራው ተራ ፍሪ ለማስለቀቅ ሞከረና ሂፑን (የማህደረ ትውስታውን ግምጃ ቤት) አተራመሰው።

ሊኑክስ የሚጠቀም ባልደረባዬ «እኔ ጋ ይሠራል» አለኝ። ይሠራላ! እዚያ አንሲ የሚባለው ዩቲኤፍ-8 ነው፤ ኮታስክሜምአሎክም ከማሎክ ሌላ አይደለም። ሰው በማያውቀው ነገር እንዲህ ትክክል ሲሆን እንደማየት የሚያናድድ የለም።

ከእንግዲህ ዴሊጌትዎ በስታቲክ ፊልድ ውስጥ ይኖራል፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ መሞት አይፈቀድልዎትም። ጽሑፍዎ ዩቲኤፍ-8 መሆኑም በአትሪቢዩት ተጽፎ ግንባርዎ ላይ ይለጠፋል። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው የእኔ ግዴታ እንደነበር ሰነዱ ላይ ተጽፏል የሚሉኝ አሉ፤ ደብዳቤው ለእነሱ አልተጻፈም።

አክባሪዎ፣
ሌሊቱን ከእርስዎ ጋር ያደረ ፕሮግራመር