ክፉውን ማን ይጫወት?

የምኖርባት ሬንተን ሲያትል ጥግ ያለች ከተማ ናት። ሐበሻ ሞልቶባታል፤ እንጀራ ፍለጋ መኪና ማስነሳት አያስፈልግም። ከተማዋ የምትታወቀው በቦይንግ ነው፣ 737 የሚገጣጠመው እዚህ ነው። ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ግን ሌላ ነገርም አለባት። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሬንተን ነው። ስንቱ የሐበሻ ሹፌር በየቀኑ ደጃፉን እያለፈ ምን እንደሚሠራበት ሳይጠይቅ እንደሚኖር አስቡት።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ አገሩን፣ አውሬውን፣ ባለሱቁን፣ ዝናቡን ሳይቀር የሚያመጣው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ፈጥረው ይይዛሉ፤ አንዱ አስማተኛ፣ አንዷ ወታደር፣ አንዱ ሌባ። «በሩን እሰብራለሁ» ትላለህ፣ መሰበር አለመሰበሩን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወስነዋል። አሸናፊ የለም። አንድ ታሪክ ወራት ይፈጃል፣ ዓመታት የፈጀም አለ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳተሙት ወዲህ ብዙ ተከታይ መጥቶለታል። በ1977 የወጣው ትራቨለር ጠፈር ላይ ያጫውታል (ገጸ ባህሪህን ገና እየፈጠርክ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞትብህ ይችላል፤ ይሄ እንኳ ከእኛ ኑሮ ጋር ይሄዳል)። በ2017 ደግሞ ከእኛ ብዙም የማይርቀው ፓይዞ የሚባል አሳታሚ፣ መንኮራኩርና አስማት አንድ ላይ ያለበትን ስታርፋይንደርን አወጣ።

እኔን የጎተቱኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ከጨዋታው ይልቅ ያስገረሙኝ ተጫዋቾቹ ነበሩ። የቤት ዕዳ የሚከፍል፣ ልጅ ያደረሰ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ቁጭ ብሎ «እኔ የጫካ ልዕልት ነኝ» ይላል። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ጎልማሳ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጸበል ይወስደዋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ገጸ ባህሪ ስትፈጥር ጠባዩንም ትመርጣለህ። በ1974ቱ ጨዋታ ምርጫው ሦስት ነበር፦ ሥርዓት፣ ሁከት፣ መሐል ቤት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግነትና ክፋት ተጨመሩበትና ዘጠኝ ሳጥን ሆነ። ሕግ አክባሪ ደግ አለ፣ ለማንም የማይገዛ ደግ አለ፣ ሕግ አክባሪ ክፉም አለ። ይሄን የመጨረሻውን ለሐበሻ ማስረዳት አይከብድም። ማኅተሙን ይዞ፣ መመሪያውን ጠቅሶ፣ «ነገ ተመለስ» የሚለውን ሰውዬ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ችግሩ ሳጥኑ ሰበብ ሲሆን ነው። አንድ የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን አለ። ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም። ጠረጴዛው ላይ ግን ገጸ ባህሪው እስረኛ ሽማግሌ ያዘና ምስጢር ያውጣ ብሎ ጣቱን ቆረጠ። አንዷ «እረ ተው!» አለች። እሱ ዘና ብሎ «እኔ ምን ላድርግ፣ ገጸ ባህሪዬ እንዲህ ነው» አለ። ተሳቀ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ይቺ ሰበብ በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀች ናት፤ የሰውን ምሽት የሚያበላሽ ሁሉ የሚደበቅባት እሷ ውስጥ ነው። በማግስቱ ሰውዬው ለቢሮው በሙሉ ዶናት ገዝቶ መጣ። ማንም በክፉ ዓይን አላየውም። ማታ የተደረገው ማታ ቀረ።

ያ ነገር ሁለት ዓይነት ስሜት ጥሎብኛል። ጣት ቆርጦ ዝም መባሉ አልዋጥልህ አለኝ። ሰውዬውን ከገጸ ባህሪው ለይተው ማየታቸው ደግሞ አስቀናኝ። ለምን እንደቀናሁ የገባኝ ሐዋሳ ስሄድ ነው።

ሐዋሳ እህቴ ጋ ነው የማርፈው። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱና ጓደኞቹ ይሄን ጨዋታ ከዩቲዩብ ለምደው በራሳቸው መንገድ ያዙት፣ ከዚያ መቅዳት ጀመሩ፣ ከዚያ እየቆረጡ፣ ድምፅ እየጨመሩ በቴሌግራም የሚለቁት ተከታታይ ትረካ ሆነ። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ የላቸውም። ከ1 እስከ 20 ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ከተው እጣ ያወጣሉ። አንብበው መልሰው ይጠቀልላሉ። 20 ሲወጣ እልልታ ነው። አንድ ጊዜ 20 የተጻፈባት ወረቀት ከመዳሰስ ብዛት ጠርዟ ተልጦ ኖሮ፣ ከመሐላቸው ጣቱ የነቃ አንዱ ደጋግሞ እያወጣት ሲያሸንፍ ተያዘ፤ ሃያዎቹም ወረቀቶች እንደ አዲስ ተቆረጡ።

ቀረጻው የሚካሄደው ቁም ሳጥን አጠገብ ነው። በሩን ከፍተው ብርድ ልብስና ጋቢ ይሰቅላሉ፣ ስልኩን መሐል ያደርጉታል። ባጃጅ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ላይ ጸጥ ይላል። ታሪኩ የራሳቸው ነው፦ ሐይቆች ሁሉ የደረቁባት አንዲት ፕላኔት አለች፣ ውሃ ከሌላ ዓለም በመንኮራኩር ይመጣል፣ የመንኮራኩሩን ሞተር የሚያስነሳው መካኒክ ሳይሆን ጠልሰም የሚያነብ ደብተራ ነው። ደብተራው ስለ ነዳጅ ሲነጫነጭ ስሰማ በሳቅ ፈረስኩ። ክፉው ደግሞ ውሃ ነጋዴው ነው። መጋዘኑን ቆልፎ ዋጋ እስኪንር ይጠብቃል። ቧንቧ ሲጠፋ ጄሪካን ይዞ ለተሰለፈ ሰው ይሄ የጠፈር ታሪክ አይደለም።

እና ነጋዴውን የሚጫወት ጠፋ። አንደኛው መዘምር ነው፣ «ሰው ምን ይለኛል» አለ። አንዷ እናቷ ትረካውን ትሰማለች። ሦስተኛው ተጫወተውና ከሁለት ክፍል በኋላ አድማጮች «ይሄ ልጅ በእውነትም እንዲህ ነው እንዴ?» ብለው ይጽፉ ጀመር። ከዚህ በላይ ሌላ መጣ። ልጁ ለውሃ የለመነችውን ሴትዮ ሲያባርር ጮክ ብሎ «ሙቺ!» የሚልበት ቦታ አለ፤ አምስት ጊዜ ደገሙት መሰለኝ፣ አንዱ እየሳቀ እያበላሸው። ጎረቤታችን እትዬ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ወድቋል፣ እግራቸው ባዶ ነው። «ማነው? በማን ላይ ነው የጮኸው?» አሉ። ተነገራቸው። ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ድምፅ ዝም ብሎ አይመጣም፤ ይጸለይልህ» አሉት። ከልባቸው ነው። ልጁም ቆሞ ተጸለየለት፣ ምን ያድርግ?

እትዬን አትፍረዱባቸው። አሜሪካም በ1980ዎቹ እንዲህ ሆና ነበር። ልጇ ራሱን ያጠፋባት አንዲት እናት ጥፋቱን በጨዋታው ላይ አድርጋ የተቃውሞ ማኅበር አቋቋመች፣ ጉዳዩ በ1985 ሲክስቲ ሚኒትስ የሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረበ፣ አብያተ ክርስቲያናት የሰይጣን አምልኮ ነው አሉ። አሳታሚው የነበረው ቲኤስአር ፈርቶ በ1989ኙ እትም ላይ ሰይጣንና ጋኔን የሚሉትን ቃላት አወጣና ፍጡራኑን ሌላ ስም ሰጣቸው። ቃላቱ በ2000 እትም ተመለሱ። ያኔ አዳሜ ሰልችቶት ነበር። እነሱ ጩኸቱን ጨርሰውታል፣ እኛ ገና ጀመርነው፤ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ግን እኛ ዘንድ ነገሩ ከሃይማኖት ይሰፋል። ፊልም ላይ ጨካኝ ሆኖ የተጫወተ ሰው ታክሲ ውስጥ ሲሰደብ ያላየ የለም። ይሄ ደግሞ የነበረ ጠባያችን አይመስለኝም። አያቴ ተረት ስትነግረን አያ ጅቦን ራሷ ነበረች። ድምፅዋን አጎርንና፣ ጥርሷን አሳይታ፣ «አህያይቱን ዛሬ ሳልበላት አላድርም!» ስትል የምር ፈርተን ጉያዋ እንገባለን። አያቴን ጅብ ነሽ ያላት ማንም የለም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ የጨዋውንም የጨካኙንም ቃል በዚያው አንድ ጉሮሮ ነው ያወጣው፣ ሕዝቡም ሁሉንም ወደደለት። ተራኪ ክፉን እንዲናገር እንፈቅድለታለን ማለት ነው። ክፉውን ለብቻው ለአንድ ሰው ስንሰጠው ነው ሰውዬውን የምንይዘው። ለምን እንዲህ ሆነ? ምናልባት ተራኪው ሁሉንም ስለያዘ፣ ከክፉው ቀጥሎ ደጉን እንደሚያመጣልን ስለምናምነው ይሆናል።

ልጆቹ መላ አበጁለት። ያበጀችው ከመሐላቸው ያለች የሲዳማ ልጅ ናት። ዘጠኙን ሳጥን ገና ሲጀምሩ ጥለውታል፣ «ሰውዬው ምንም ሳያደርግ ክፉ ነው ብዬ ልጻፍበት?» ብላ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ነገር ሲመጣ ሁሉም እስኪሰማው፣ ባለጉዳዩም እስኪደመጥ ለፍርድ አይቸኮልም፣ የሚፈለገውም ሀላሌ ነው፣ እውነቱ። እሷ ይሄን ጨዋታው ውስጥ አስገባችው። አንድ ገጸ ባህሪ ከባድ ነገር ሲያደርግ እጣው ይቆማል። ያደረገው በገጸ ባህሪው ድምፅ ለምን እንዳደረገ ይናገራል። ሌሎቹም በየገጸ ባህሪያቸው ሆነው ይመልሱለታል። ከዚያ ምን እንደሚከተል ጠረጴዛው ይወስናል። ጣት ቆራጩ ባልደረባዬ እዚህ ቢቀመጥ «ገጸ ባህሪዬ እንዲህ ነው» ብሎ አያመልጥም ነበር። ደብተራው አንድ ጊዜ ሰው ጥሎ በሸሸበት ክፍል ላይ የተደረገው ሙግት፣ ከትረካው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ልጁ ገጸ ባህሪውን ሲከላከል ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሌላዋ «አንተ ጠልሰሙን ነው ያዳንከው፣ ሰውዬውን አይደለም» አለችው። ያንን ሳያርሙ እንዳለ ነው የለቀቁት።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩላቸውም፣ ነግሬያቸዋለሁም። ሽምግልናው ከተጀመረ ወዲህ ክፉ የሚባል ሰው አንድ ክፍል ሙሉ ክፉ ሆኖ አያድርም። ይደመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይቅር ይባላል። ውሃ ነጋዴው ሦስት ጊዜ ንስሐ ገብቷል! ሦስት ጊዜ ንስሐ የገባ ነጋዴ የትኛው ገበያ ላይ እንዳለ አሳዩኝ። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ ሁሉንም ሰምቶ፣ «አልከፍትም» ብሎ መጋዘኑን ቆልፎ የሚሄድም ሰው አለ፤ እሱ ታሪኩ ውስጥ ከሌለ ሴትዮዋ ለምን እንደጠማት አድማጩ አይገባውም። ሬንተን ላይ ክፋት ምንም አያስከፍልም፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ አይቆይም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። አሜሪካ የድምፅ ተዋናዮች ተሰብስበው የሚጫወቱት ክሪቲካል ሮል በ2015 ስርጭት ጀምሮ፣ በ2019 ለአኒሜሽን ብሎ ከአድማጭ ተመልካቹ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። አገር ቤት ሰው ትረካውን ይወድና የልጆቹን ስም ቆርጦ ሌላ ቻናል ላይ ይለጥፈዋል። አንድ ደስ ያለኝ ዜና ይዤላቸው ሄጄ ነበር። በጥር 2023 ዊዛርድስ የፈቃድ ደንቡን ሊያጠብቅ ሲል ተጫዋቾች አመፁበትና፣ መሠረታዊውን የጨዋታ ሕግ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ነጻ ፈቃድ ለቀቀው፤ ምንጩን ጠቅሶ ማንም ሊተረጉመው፣ ሊሸጠውም ይችላል። በአማርኛም ጭምር። የእህቴ ልጅ በትዕግሥት አዳመጠኝና «ጋሼ፣ እኛን የቸገረን ሕጉ አይደለም፣ ማይክ ነው» አለኝ። ማይኩን በሰው ልኬያለሁ።

ሰዓትን በተመለከተ ደግሞ እኩል ነን። ሬንተን ላይ አምስት ጎልማሳ አንድ ምሽት ለማገናኘት ሳምንት ሙሉ መልእክት ይጻጻፋል፣ በዕለቱ ሁለቱ ይቀራሉ። ሐዋሳ ሁሉም ሳይጠሩት ይመጣል፣ መብራት ትሄዳለች።

ሰሞኑን የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ሁለተኛውን ምዕራፍ ሊጀምሩ ነው፤ ነጋዴው ይመለሳል፣ የሚጫወተው ግን አሁንም የለም። «ጋሼ፣ አንተ ቅዳና ላክልን፤ አንተን እዚህ ማን ያውቅሃል?» ይላል የእህቴ ልጅ። እሺ አልኩ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ሰውዬው ንስሐ አይገባም። በዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለው እየተከራከሩ ነው። የሲዳማዋ ልጅ «መጀመሪያ ይደመጥ፣ ከዚያ እናያለን» ብላለች። እህቴ በበኩሏ ደውላ ነበር። እማዬ ትረካውን ማታ ማታ መስማት ጀምራለች፣ ድምፅህን ትለየዋለች፣ ምን እንበላት አለችኝ።